የለቀቅኩት እጅ

ውሸታም የሚለኝ ካለ ፊት ለፊቴ መጥቶ ይበለኝ።

ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ከአፌ በወጣው ላይ እንዳትጨምር፣ ከእሱም እንዳትቀንስ ቃል አስገብቻታለሁ።

ነገሩ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዓለም ሁሉ ሊያየው በሚጎርፍበት የአንድ ትልቅ ከተማ መስጊድ ውስጥ። ጨለማና መቃብር የምትጠብቁ ሌላ ቤት ፈልጉ።

እህቴን ሚጡ እላታለሁ። ሚጡ ስላልኳት ሕፃን እንዳትመስላችሁ፤ ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ናት። ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ አያይም። እናታችን ልትሞት ስትል የሚጡን እጅ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ "እንዳትለቂያት" አለችኝ። ሌላ ኑዛዜ አልነበራትም።

ዕድሜዬን ሙሉ አልለቀቅኳትም።

እስከዚያን ቀን ድረስ...

የልጅ ልጄ ነች ከተማ ላሳያችሁ ብላ የወሰደችን። እሷ መኪናዋን የምታቆምበት ፍለጋ ስትዞር እኛ ቀድመን ወረድን። በሩ ላይ ጫማችንን አወለቅን። አንዲት ሴት ለእንግዳ ሴቶች ሁሉ ግራጫ ካባ ታለብሳለች፤ ከነቆቡ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ።

"ማን ለብሶ ያወለቀው ነው?" አልኳት።

"ታጥቧል እማማ።"

"መታጠብማ ሬሳም ይታጠባል።"

ሚጡ ሳቀች። ሴትየዋ አልሳቀችም። ሚጡን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"እማማ... ካባው አንድ ዓይነት ነው። ሰው ይጠፋፋል። እጃቸውን እንዳይለቁ።"

"አንቺ ሳትወለጂ የያዝኩት እጅ ነው!" አልኳት።

አፌን በቆረጠው።

ገባን። ምን ልበላችሁ... ጉልላቱ ሌላ ሰማይ ነው። በመስኮቱ ቀለም የገባው ብርሃን ምንጣፉ ላይ ተደፍቷል። ግራጫ የለበሱ እንግዶች አንገታቸውን ሰብረው ያንጋጥጣሉ። ምንጣፉ ኮቴ ይውጣል።

"እቴቴ፣ ምን ይታያል?"

"ጉልላት።"

"ምን ያህላል?"

"ትልቅ ነው።"

"ቀለሙስ? ምን ይመስላል? ንገሪኝ እንጂ!"

ያየሁትን ሁሉ ለሁለት ስቆርስ ነው የኖርኩት። መንገዱንም፣ የሰው ፊትንም፣ ዝናቡንም። ያን ቀን ግን... ለራሴ ብቻ ማየት አማረኝ።

"እስቲ አንዴ ዓይኔን ተይልኝ!" አልኳት።

እጄንም መንጭቄ ወሰድኩ።

"እሺ" አለች። ቀስ ብላ።

ያቺ "እሺ" እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅራለች።

አንድ የእብነ በረድ ምሰሶ ሥር ትቻት ወደ መሃል ሄድኩና አንጋጠጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

ከዚያ... እጅ መጥቶ እጄ ውስጥ ገባ።

ዞር ሳልል ያዝኩት። ምን ዓይን አለኝና!

"ተቀየምሽ?" አልኩ።

ዝም።

ሚጡ ዝም አትልም። ሚጡ በእንቅልፏም ታወራለች። ተቀይማለች አልኩና መራኋት።

ስትራመድ ጉልበቷ ቀጭ ቀጭ ይላል። አሁን አይልም... ምንጣፉ ነው አልኩ።

እጇ በረዶ ሆኗል... እብነ በረዱ ነው አልኩ።

መውጫው ላይ ደረጃ አለ። ደረጃ ስንደርስ ሁልጊዜ "ደረጃ" እላታለሁ። ረሳሁት። እሷ ግን አልተደናቀፈችም... ለመደችው አልኩ።

በደለኛ ሰበብ አያልቅበትም።

ካባ የምታለብሰው ሴት ካባዎቹን ልትቀበል በሩ ላይ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ከኋላዬ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

"እህትዎስ?"

"ይቺው አይደለች?" ብዬ ዞርኩ።

እጄ ውስጥ የነበረው እጅጌ ነው።

ባዶ ካባ። መሬት ለመሬት እየጎተትኩት መጥቻለሁ።

እንዴት እንደሮጥኩ አልነግራችሁም፤ በእኔ ዕድሜ የሚያምር ሩጫ አይደለም። ሚጡ ከተውኳት ምሰሶ ሥር ቆማለች። ካባው የለም። ቀኝ እጇን ወደ ጎን ሰጥታ፣ ጣቶቿን ጨብጣ... ፈገግ ብላለች።

"ሚጡ!"

ደነገጠች። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ ወደ ጎኗ።

"እቴቴ?" አለች... ወደ ጎኗ።

"እኔ እዚህ ነኝ!"

"አትቀልጂ። እጄን ይዘሽ የለ?" ሳቀች። "ደግሞ ዛሬ እንዴት አሳምረሽ ነገርሽኝ! ወርቁን፣ ሰማያዊውን... ጫፉ ላይ ያለችውን የተሰነጠቀች ኮከብ ሳይቀር።"

አንጋጠጥኩ።

ያን ሁሉ ጊዜ ሳፈጥ ኮከብ አላየሁም ነበር። አሁን አየኋት። ትንሽ ናት። ተሰንጥቃለች።

ቀኝ እጇን ልይዝ ሞከርኩ። ጣቶቿ አልከፈት አሉ። በግራዋ ይዤ አወጣኋት።

"ዛሬስ በሁለት እጅሽ ያዝሽኝ" አለች ደስ ብሏት።

ከዚያን ቀን ወዲህ "ይቅር በይኝ" ልላት አፌን ስከፍት፣ "ምን አድርገሽ?" ትለኛለች። "አንድም ቀን ለቀሽኝ አታውቂ!"

እኔ ግን ለቅቄያታለሁ። እኔ አውቃለሁ። የያዛትም ያውቃል።

አሁን ይህን፣ ሚጡ እንዳትሰማኝ በለሆሳስ ሳስጽፍ፣ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ። የልጅ ልጄ ጠረጴዛው ጋ ናት። ሚጡ ወዲያ ጥግ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ብቻዋን። ቀኝ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ነው... የእጇ ጀርባ ቆዳ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል። ጣት እንደተጫነው።

እንባዬ ወርዷል። ድምፅ አላወጣሁም። ትንፍሽ አላልኩም።

ሚጡ ጆሮዋን ወደ ጎን ሰጠች። አዳመጠች። ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ በሹክሹክታ፣ አጠገቧ ላለው...

"እቴቴ... መስኮቱ ጋ ቆማ ታለቅሳለች ያልሽኝ ሴትዮ ማናት?"