ከአልጋ አልጋ የሄደው ሕመም

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ የሻይ ብርጭቆዬን ይዤ ብድግ የምል ሰው ነኝ፤ ነርስ ነኝ፣ ሰው ሲወለድም ሲሞትም አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ እና እመኑኝ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከግድግዳ የወጣ ጥላ አላየሁም፣ በጨለማ ስሜን የጠራኝ ድምፅ ቢኖር ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ በሽተኛ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ "እዚያ ጥግ ያለው ክፍል እኮ የሆነ ነገር አለው" ሲሉኝ "አዎ፣ የሚያፈስ ቧንቧ አለው" ብዬ ነበር የማልፋቸው። አሁንም አምናለሁ አልልም። የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ ተርጉሙት፣ እኔ መተርጎሙ አቅቶኛል።

የምሠራው አቃቂ ነው፣ የሆስፒታሉን ስም ተዉት። ነሐሴ ነበር፣ እሑድ ከሰዓት፣ ከጠዋት ጀምሮ የሚወርደው ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ለመነጋገር መጮኽ ነበረብን። የወንዶች ክፍል ውስጥ ሦስት ነርሶች መሆን ሲገባን ሁለት ነን፤ ሦስተኛዋ ከሳሪስ ስትመጣ ቃሊቲ ጋ ጎርፍ መንገዱን ሞልቶት ታክሲ ውስጥ ቀርታለች፣ "ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ተኝቷል" ብላ ደወለችልኝ። አብራኝ ያለችው ሜሮን ገና አዲስ ተመራቂ ናት፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን አዲስ ናት። ተረኛው ሐኪም ደግሞ ሆዷ ውስጥ ደም የሚፈሳት ሴት መጥታበት ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቷል፣ መቼ እንደሚወጣ እሱም አያውቅም።

እንዲህ ባለ ቀን የነርስ የመጀመሪያ ሥራ መምረጥ ነው። ሁሉም ይጠራሻል፣ ሁሉም አሞታል፣ አንቺ ግን "ማንን ባዘገየው ይሞትብኛል?" ብለሽ ነው የምታስቢው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚያስፈራው የሚጮኸው ሳይሆን ዝም ያለው ነው። ስለዚህ ሥራውን ተካፈልን። "ግፊትና ሙቀት አንቺ ለኪ፣ ናሆምን ከዓይንሽ አታርቂው፣ ትንሽ ነገር ከተለወጠ ጥሪኝ፣ መርፌ ግን የኔ ነው፣ ማንም ቢለምንሽ እንዳትነኪ" አልኳት።

ናሆም ባጃጅ ተገልብጦበት ጭንቅላቱን የተመታ ወጣት ነው። ዝም ብሎ ይተኛል፣ ስንቀሰቅሰው ስሙን ይናገራል፣ ተመልሶ ይተኛል። እየቀሰቀሱ ማናገር፣ የዓይኑን ብሌን በባትሪ ማየት ነው ሥራችን፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ቢፈስ ቶሎ የምናውቀው በዚያ ነው። በመስኮቱ በኩል ከተደረደሩት አልጋዎች የመጨረሻው የሱ ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው ባዶ ነበር፣ ሰውየው ድኖ ጠዋት ወጥቷል። ከባዶው ቀጥሎ አስም ይዞት የገባው አቶ ወንድሙ አለ፣ እሱም በማግሥቱ ሊወጣ ነው፣ ቀልደኛ ሰው ነው፣ "ሲስተር፣ ካላገባሽኝ አልድንም" እያለ ያስቃል። በሩ አጠገብ ደግሞ ጋሽ ቱሉ።

ጋሽ ቱሉ የዚያው የአቃቂ ገበሬ ልጅ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ክር ፋብሪካ ጨርሰው ጡረታ የወጡ። ካንሰር አለባቸው፣ የቀኝ ጭናቸው አጥንት ውስጥ ገብቷል። ሕመሙ ሲመጣ አይጮኹም፤ ጭናቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይይዙና የፊት ጥርሳቸው በወለቀበት ክፍተት ቀጭን ፉጨት ይወጣቸዋል፣ ከዚያ የአልጋውን ብረት በመዳፋቸው ጧ ጧ ያደርጉታል። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችን ያንን ድምፅ እናውቀዋለን፣ እኔ ቤቴም ገብቼ ይሰማኝ ነበር።

ያን ዕለት የሞርፊን ሰዓታቸው ደረሰ። ልወጋቸው ሄጄ ትንፋሻቸውን ስቆጥር በጣም ቀንሷል። የቀደመው ገና ከሰውነታቸው አልወጣም ማለት ነው፣ ብጨምርበት መተንፈስ ሊያቆሙ ይችላሉ። ሕመሙ ግን እዚያው ነው፣ ዓይናቸው ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

"ልጄ፣ ሰዓቱ አልደረሰም እንዴ?"

"ደርሷል ጋሼ። ትንፋሽዎ ግን ቀንሶብኛል፣ አሁን ብወጋዎት ሊቆምብኝ ይችላል። ሐኪሙ እስኪወጣ ይታገሱኝ።"

"እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጃቸው ጫልቱ አጠገባቸው ቆማ ነበር፣ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ከአባቷ ራስጌ አትጠፋም። "ሲስተር፣ ቆሞ ከማየት ሌላ ምንም የለም?" አለችኝ። ከጉልበታቸው ሥር ትራስ አደረግን፣ በጎናቸው አዞርናቸው፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ደወልኩ፣ "ጠብቂ" ተባልኩ። ጫልቱ እንባዋን እንዳያዩባት ይመስለኛል አጥሚት ላሙቅ ብላ ፔርሙዟን ይዛ ወጣች። እኔ ደረታቸው ላይ እጄን አድርጌ ትንፋሻቸውን እየቆጠርኩ ፉጨቱን እየሰማሁ ቆምኩ።

ከዚያ ፉጨቱ መሃል ላይ ቆመ፣ ክር ሲበጠስ እንደሚሆነው። ትንፋሻቸው የቆመ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ፊታቸው ፈታ ብሎ እግራቸውን ያያሉ፣ የወደቀ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው።

"ሄደ" አሉኝ።

"ምኑ ጋሼ?"

"ሕመሙ። ተነስቶ ሄደ።"

ደስ ሊለኝ ገና ስጀምር ፉጨቱ ከጀርባዬ መጣ። ዞር ስል አቶ ወንድሙ ቀኝ ጭኑን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዟል፣ አልጋውን ጧ ጧ አደረገው። በሽማግሌው የሚቀልድ መስሎኝ ተናደድኩ፣ "አቶ ወንድሙ፣ ይሄ አያስቅም!" ብዬ ጮኽኩበት። ጠጋ ስል ግን ፊቱ ላይ ላቡ ይወርዳል፣ ልብ በሉ፣ ሰውየው ጥርሱ አንድም አልጎደለም፣ ፉጨቱ ግን የጋሽ ቱሉ ፉጨት ነው።

"ሲስተር፣ ምንድን ነው የነካኝ?" አለኝ፣ እንደ ሕፃን እጄን ይዞ።

ደም ረግቶበት ይሆናል ብዬ እግሩን መረመርኩ፣ አላበጠም፣ አልቀላም፣ የደም ትርታው ደህና ነው። እጄ እግሩ ላይ እንዳለ ሰውነቱ ላላ። "ሄደ" አለኝ፣ በዚያችው ቃል።

ቀጥሎ ያለው አልጋ ባዶ ነው ብያችኋለሁ። የዚያ አልጋ ሽቦ ሲጢጥ አለ፣ ከባድ ሰው ሲገላበጥ እንደሚለው፣ ከዚያ ብረቱ ጧ ጧ አለ። ሜሮን ከአልጋው ወዲያ ማዶ ቆማ ነበር፣ የግፊት መለኪያውን ደረቷ ላይ አቅፋ አየችኝ።

"ነፋስ ነው" አልኳት። መስኮቱ ተዘግቷል፣ እሷም ታያለች።

ቃሌን ሳልጨርስ ናሆም ዓይኑን ከፈተ። ሳንቀሰቅሰው ዓይኑን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ፣ ጭኑን ጨምቆ ይዞ ያንን ፉጨት አወጣው። ሮጠን ሄድን። ይወራጫል፣ ግሉኮሱን ሊነቅል ይታገላል፣ ያ የተመታ ጭንቅላቱ ብረቱን ሊመታ ነው፣ እኔ ጭንቅላቱን ሜሮን ትከሻውን ይዘን ከሱ ጋር እንታገላለን።

"ሲስተር፣ የጋሽ ቱሉ ሞርፊን አለ እኮ! ትንሽ እንስጠው፣ እኔ ላምጣው!"

"አይሆንም!"

"ልጁ እየሞተ ነው!"

"ሜሮን፣ በጋሽ ቱሉ ስም የታዘዘ ነው። ደግሞ ጭንቅላቱ ነው የተጎዳው፣ ብናደነዝዘው ደም እየፈሰሰው መሆኑን በምን እናውቃለን? ትንፋሹ ቢቆምስ?"

ትክክል ነበርኩ፣ ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ፣ ግን እጃችሁ ውስጥ ሰው እንዲህ ሲሆን ትክክል መሆን ምንም አይጠቅማችሁም። ብሌኖቹን አየሁ፣ እኩል ናቸው። ግን እንዲህ መወራጨት ራሱ ጭንቅላቱ ውስጥ የሆነ ነገር እየተበላሸ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል፣ ወይስ ይሄ ያ ነገር ነው? ይህን ራሴን ስጠይቅ በራሴ አፈርኩ። በአንድ እጄ እንደገና ደወልኩ፣ "የሴትየዋን ሆድ ከፍቶ የት ጥሏት ይምጣ?" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው።

ይሄኔ ከበሩ በኩል ጭብጨባ ሰማሁ። ጋሽ ቱሉ ብቻቸውን ተነስተው ተቀምጠዋል፣ ስንት ጊዜ በሰው ድጋፍ እንኳ ያቃታቸው ሰውዬ፣ እያጨበጨቡ ወደ ናሆም አልጋ ይጣራሉ።

"ኮቱ! ኮቱ!"

ና ማለት ነው፣ በኦሮምኛ። እኛን ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር የሚያናግሩን። የሰው ማሳ የገባ ጥጃ እንደሚመልስ ሰው ነበር የሚጣሩት፣ ሳይቆጡ፣ ሳይቸኩሉ። ከዚያ በአማርኛ፣ "ልጁን ተወው። ገና ልጅ ነው። ና፣ እኔ አለሁ" አሉ።

ጫልቱ ፔርሙዟን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። "አባዬ፣ ተው! አባዬ፣ አትጥራው!" አለች። እኔ እንኳ ያልገባኝን እሷ በምን እንደገባት አላውቅም።

የናሆም እጅ ላላ። የባዶው አልጋ ሽቦ ሲጢጥ አለ። አቶ ወንድሙ "ወይኔ!" ብሎ ጭኑን ይዞ ለቀቀ። ጋሽ ቱሉ ወደ ኋላ ተንጋለሉና ያ ፉጨት ከራሳቸው አፍ ወጣ።

ናሆምን ጠራሁት። "ስምህ ማነው?" "ናሆም" አለኝ፣ ተመልሶ ተኛ፣ እንደ ቅድሙ። ሜሮንን እሱ ጋ ትቼ ወደ ጋሽ ቱሉ ሮጥኩ፣ የመጀመሪያ ሐሳቤ መርፌውን ልስጣቸው ነበር፣ ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ፣ አልጨመረም። ልሰጣቸው እንደማልችል እያወቁ ነው የጠሩት፣ ይገባችኋል? ጫልቱ አፍ አፌን ታየኛለች፣ እኔ ባዶ እጄን ቆሜያለሁ።

"ግድ የለም ልጄ" አሉኝ በጥርሳቸው መሃል። "እኔን ለምዶኛል።"

ሐኪሙ መጨረሻ ላይ ደም የነካ ጫማውን እንዳደረገ መጣ። የነገርኩት ለሐኪም የሚነገረውን ብቻ ነው፣ የጋሽ ቱሉን ትንፋሽ፣ የናሆምን መወራጨት። ናሆም ስካን ተነሳ፣ አዲስ ነገር የለም፤ ለጋሽ ቱሉ ትንፋሻቸው ሲሻሻል መጠኑ ተቀንሶ ተሰጣቸው፣ ትንሽ አስታገሰላቸው፣ ትንሽ ብቻ። ሜሮን ስለዚያ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳችብኝ፣ ልብስ ስንቀይር፣ "አልጋውን ሰምተሻል አይደል?" አለችኝ፣ "ሰምቻለሁ" አልኳት፣ ብዙም ሳይቆይ ማዋለጃ ክፍል ቀይሩኝ ብላ ሄደች።

ጋሽ ቱሉ የሚጠጣ ሞርፊን ታዞላቸው ቤታቸው ገቡ፣ እዚያው አረፉ። ለቅሶ ደረስኩ፣ ጫልቱ አቅፋኝ አለቀሰች፣ አለቀ ብዬ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደወለችልኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ስለ ሥራ፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሲስተር፣ ከአባዬ የተረፈው መድኃኒት ቤት ውስጥ አለ። ትንሽ ብቀምሰው ይጎዳኛል?"

"ማን ታሞ ነው?"

በመልሷ ፈንታ ቀጭን ፉጨት ስልኩ ውስጥ ገባ፣ የኔትወርክ ድምፅ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ።

"አንዲት ጠብታ እንዳትነኪ! ልጆች እንዳያገኙት ቆልፊበት፣ ነገ ይዘሽው ነይ" አልኳት። መጣች፣ ጠርሙሱን አስረከበች፣ ራጅ ተነሳች፣ ደሟ ተመረመረ። "ምንም የለባትም" አለ ሐኪሙ፣ ጥሩ ሐኪም ነው፣ "ሐዘን ነው፣ የአባቷን ሕመም ሰውነቷ አልረሳውም።" የማስታገሻ ክኒን ጻፈላት። እኔም አዎ ሐዘን ነው አልኳት፣ ሌላ ምን ልበላት።

እስከ በሩ ሸኘኋት፣ ቀኝ እግሯን ትጎትታለች። ባጃጅ እየጠበቅን ሳለ፣ "አባዬ ሲሞት እጁን ይዤው ነበር" አለችኝ፤ ከዚያ ዓይኔን ሳታይ፣ "ሲስተር፣ ልጆቼን ማቀፍ እችላለሁ?"

ይህን ጥያቄ በየቀኑ ነው የምመልሰው። በትንፋሽ የሚተላለፈውን አውቃለሁ፣ በንክኪ የሚተላለፈውንም አውቃለሁ፣ እንዲህ ያለ ሕመም ከሰው ወደ ሰው እንደማይሄድም ተምሬያለሁ። አፌን ከፈትኩ። ባጃጁ መጥቶ ቆመ፣ ሾፌሩ "ትገቢያለሽ?" አላት፣ እሷ ግን ፊቴን እያየች መልሴን ጠበቀች።

"እሺ" አለችኝ በመጨረሻ፣ እኔ ምንም ሳልላት።