የበረንዳው ዓረፍተ ነገር

ሽማግሌው ተርጓሚ ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቀው የግቢው ሲሚንቶ ላይ ሲገኙ፣ ግራ እጃቸው የአበባ ማጠጫ እንደጨበጠ ነበር። ቀኝ እጃቸው ደግሞ በሴት ሻርፕ ታስሮ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እጁ ስብራትም ወለምታም አልነበረበትም። በረንዳው ላይም ውሃ የሚጠጣ አንድ አበባ እንኳ የለም። አብሯቸው የወደቀው የበረንዳው መደገፊያ ብረት ብሎኖቹ በመፍቻ ላልተው ተገኙ።

ሻርፑ የማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የእህታቸው ልጅ አንገት ላይ ሲያየው ኖሯል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እኚሁ አጎቷ ናቸው። እሳቸው የተረጎሙትን በቃል ይነግሯታል፣ እሷ እንግሊዝኛ ባትችልም የሰማችውን ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች። እንዲህ ሲኖሩ ኖረው፣ በሞታቸው ዋዜማ ሌላ ከተማ ሥራ ማግኘቷን ነገረቻቸውና ተጣሉ። አሁን በር ላይ ፖሊስ ቆሞባታል። ለአጎቷ በቅጡ ሳታለቅስ፣ ገዳያቸው መባል መጣባት።

መርማሪዋ ወፍራም ሴት ናት፤ ጫማዋ ስለሚጠባት በተቀመጠችበት ሁሉ ተረከዟን ታወጣለች። ሳሎን ገብታ ጫማዋን አላቀቀችና መጀመሪያ አከራዩን አስጠራች።

«እኔ የሰው ስም ማንሳት አልወድም» አሉ አከራዩ። «ግን ትናንት ‹ጥለሽኝ ሂጂ!› ሲሏት በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«አነሱት እኮ» አለች መርማሪዋ። «ሲወድቁስ አይተዋል?»

«ግቢ እየጠረግሁ ነበር። ቀና ስል ባዶ መሬት ያጠጣሉ። ‹ሰውዬው ለየላቸው› አልኩ በሆዴ። ከዚያ ብረቱ ላይ ደገፍ አሉ፤ አለቀ። ብረቱን ባለፈው ሳምንት በእጄ ያጠበቅሁት ራሴ ነኝ!»

ቀጥሎ የእህት ልጅ ገባች። ዐይኗ አብጧል፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷታል።

«ሻርፑን ማን አሰረላቸው?»

«ስጪኝ አሉኝ፣ ሰጠኋቸው። ራሳቸው ናቸው ያሰሩት።»

«ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ አልጠየቅሽም?»

«አኩርፌያቸው ነበር። ደግሞም ልማዳቸው ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ሰው የጀመረውን በአንድ ትንፋሽ አይጨርስም፤ ሻይ ሲቀዳ ቆም ይላል፣ ካልሲ ሲያወልቅ ቆም ይላል። አጎቴ እሱን እንዲሁ መገልበጥ አይወዱም። ሰውየው የሚያደርገውን ተነስተው ያደርጋሉ፤ እሱ የቆመበት ላይ ይቆማሉ። ቃሉ የሚመጣላቸው ያኔ ነው። በካልሲው ጊዜማ በአንድ እግራቸው ቆመው ቁም ሳጥን ላይ ወድቀዋል።»

መርማሪዋን ሳቅ አፈናት፤ የልጅቷን ፊት አይታ ዋጠችው።

«ዓረፍተ ነገሩን የሚያመጣላቸው ማነው?»

«ደቀ መዝሙሩ። እንደዚያ ነው የምንጠራው። ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚያነብላቸው እሱ ነው። ቀላል ቀላሉን ራሱ ይተረጉማል፤ ሰው ቆም የሚልበት ሲደርስ ባዶ ይተውና ‹ጋሼ፣ ይቺ የእርስዎ ናት› ይላል። ዛሬ ጠዋትም መጥቶ ነበር። በረንዳው ላይ ሲጋራ አጭሶ፣ ከአጎቴ ጋር ትንሽ ተጫውቶ ሄደ።»

«አንቺስ በረንዳው ላይ ወጥተሻል?»

«እሱ ከመምጣቱ በፊት ምንጣፉን ብረቱ ላይ አድርጌ በዱላ ስደበድብ ነበር። ንቅንቅ አላለም።»

«አጎትሽ መጨረሻ ላይ ምን አሉሽ?»

ልጅቷ ጣቶቿን አጥብቃ ያዘች። «ዓረፍተ ነገሩን ያጉተመትማሉ። ‹አበባውን በደህናው እጁ እያጠጣ ሳለ፣ የበረንዳው ብረት ላይ ደገፍ ብሎ መንገዱን ለማየት...› አሉና፣ ‹ቆም አለ ልበል ወይስ አረፍ አለ?› ብለው ጠየቁኝ። ሁሌም ይጠይቁኛል። እኔ ግን አልመለስኩላቸውም። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ወጥ ቤት ገባሁ። ከዚያ ብረቱ ሲወድቅ ሰማሁ።»

መርማሪዋ ልጅቷን ሁለት እጇን ይዛ አስነሳቻትና «ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ» አለቻት።

ደቀ መዝሙሩ ክራቫቱን አሳምሮ መጣ። ባለፈው ዓመት ያሳተመው ትርጉም አድናቆት አትርፎለታል፤ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ምስጋና እንደሚቀበል ሁሉ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።

«ዛሬ ጠዋት ዓረፍተ ነገር አምጥተህላቸው ነበር?»

«በፍጹም። ጋሼን ሰላም ልል ነው የመጣሁት። አንድ ነገር አስመስለው ከሆነ ራሳቸው ከመጽሐፉ ያነበቡትን ይሆናል።»

«መጽሐፉን ላየው እችላለሁ?»

«ይኸው» አለና ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት።

«ያንተንም፣ ያሳተምከውን ስጠኝ። ዛሬ ማንበብ አምሮኛል።»

በማግስቱ ሦስቱንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። የእህት ልጅ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። አከራዩ ክፍሉን ለማን እንደሚያከራዩ ከወዲሁ እያሰቡ ስለነበር፣ ዐይናቸው ግድግዳ ግድግዳውን ይለካል። መርማሪዋ ጫማዋን አላቀቀችና ሁለቱን መጻሕፍት ጭኗ ላይ አኖረች።

«ሽማግሌው ብረቱ ላይ የተደገፉት ሊተረጉሙ ነው» አለች። «ገዳዩ ይህን ልማዳቸውን ያውቃል። እርስዎ አከራዩ ግን ‹ለየላቸው› ነው ያሉት። ነገሩ ቢገባዎት አብደዋል ባላሉ ነበር።»

«ታዲያ እሷ ናታ!» አሉ አከራዩ።

«ቀስ ይበሉ። ጠዋት ብረቱ የምንጣፍ ዱላ ችሏል። የላላው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ የወጣው ደግሞ ሲጋራ የሚያጨሰው ሰው ነው።»

«እሷም ቤት ውስጥ ነበረች» አለ ደቀ መዝሙሩ በለሆሳስ። «ብሎን ለማላላት ሲጋራ ማጨስ አያስፈልግም።»

«ልክ ነህ። ስለዚህ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እጁ የተሰበረ ሰው አለ፤ በደህናው እጁ አበባ ያጠጣል፤ ቆምም ይላል። የሚቆመው ግን በአትክልት ቦታው የእንጨት በር ላይ ነው። ቤቱ ፎቅ የለውም። መጽሐፉ ሲያልቅ ድረስ አንድም በረንዳ የለም።»

የእህት ልጅ ቀና አለች።

«አንድ ሰው በሩን አውጥቶ በረንዳ አስገባበት» አለች መርማሪዋ። «ሽማግሌው ራሳቸው አነበቡት አልከኝ። ዐይናቸው እንደማያነብ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የምታነብላቸው አንተ ነህ። መጽሐፉም ከቦርሳህ ነው የወጣው። ይቺ ልጅ እንግሊዝኛ አትችልም፤ አጎቷ የነገሯትን ብቻ ነው የምትጽፈው። በዚህ ቤት የሌለ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ፈጥሮ ‹ጋሼ፣ ይቺ የእርስዎ ናት› ሊላቸው የሚችል አንድ ሰው ነው።»

«ለምን ብዬ?» አለ። ክራቫቱን ላላ አደረገ። «አስተማሪዬ ናቸው!»

መርማሪዋ ሁለተኛውን መጽሐፍ አነሳች። «ይህ ደስ ሲል! እዚህ ውስጥ ሰው ቆም ሲል አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። አንዷ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ትቀራለች፤ አንዱ ምላጩን ከአገጩ አርቆ ጎረቤቱን ያዳምጣል። አንድ ጊዜ እንኳ ቆመው ካላዩት አይጻፍም። እንዲህ የሚጽፍ ሰው በየገጹ ባዶ እየተወ ‹ይሙሉልኝ› አይልም። በስምህ ያሳተምከው ትርጉም የእሳቸው ነው።»

ከደቀ መዝሙሩ አፍ የወጣው ድምፅ የልጅ ድምፅ ይመስል ነበር።

«አሮጌ ረቂቅ ነበር። የረሱት መስሎኝ... ‹ራስህ ተናገር፣ አለበለዚያ እኔ እናገራለሁ› አሉኝ። ሰው ሁሉ እያጨበጨበልኝ እንዴት ልናገር?»

የእህት ልጅ ከወንበሯ ተነሳች። ልትመታው መስሏቸው አከራዩ ሸሸት አሉ፤ እሷ ግን ባለችበት ቀረች።

«ብሎኑን ስታላላ» አለችው፣ «አንዲት ጊዜ እንኳ ቆም ብለህ አላሰብክም?»

በሩ ላይ የነበረው ፖሊስ ይዞት ወጣ። አከራዩ «እኔ ድሮም ልጅቷን አልጠረጠርኩም» እያሉ ደረጃውን ወረዱ።

መርማሪዋ ጫማዋን እያጠለቀች ሻርፑን መለሰችላት። በቃሏም ስለ መጽሐፉ ሰው ነገረቻት፤ በአንድ እጁ ማጠጫውን ይዞ ወደ እንጨቱ በር ይሄዳል፣ እዚያ ሲደርስ የሚያደርገውን የሚናገረው ቃል ገና ሳይተረጎም ባዶ ነው አለቻት።

ልጅቷ ብቻዋን ስትቀር ሻርፑን ክንዷ ላይ አስራ ማጠጫውን አነሳች። በረንዳውን አላየችውም። ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታቸው የገባችበት በር ነው። መቃኑ አጠገብ ስትደርስ እግሯ በራሱ ተገታ። ውሃው እየተንጠባጠበ ወለሉን አራሰው።

«ቆም አለ ይበሉ፣ አጎቴ» አለች ጮክ ብላ። «ቆም አለ ነው የሚሻለው።»

ከዚያ ክንዷን ሳትፈታ ኮምፒውተሩ ዘንድ ሄዳ፣ በአንድ እጇ ፊደል እየለቀመች ጻፈችው።