ያልነበረው ቀዶ ጥገና

«ቀዩ ከረባት ይሻላል ወይስ ሰማያዊው?» አለ አባቷ መስታወት ፊት ቆሞ።

ግዌን «ያለ ከረባትም ይሆናል እኮ» ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ወዲያው ተመልሳ መጣች። መቀመጥ አቅቷታል።

አባቷ ሮይ ሃልቨርሰን የቶሌዶ ከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ከረባት የሚያስረው ለሠርግና ለቀብር ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በኮሪያ ጦርነት ስለነበሩ ሐኪሞች የሚተርከው፣ አገር ሁሉ የሚያየው አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ የሚያበቃበት ምሽት ነው። ጓደኛዋ ዳርሊን ከክፍላቸው ተማሪዎች ግማሹን ቤቷ ጠርታለች። የክብር እንግዳዋ ደግሞ የግዌን አባት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ፣ ስለ ድራማው ሲወራ ነበር። «የኔም አባት እዚያ ዘምቷል» አለች ግዌን። ይኼ እውነት ነው። «ምን ይሠራ ነበር?» ሲሏት ግን ምላሷ ቀደማት። «ቦምብ ሲወርድ ቀዶ ሐኪሙ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ አባቴ መርፌውን አንስቶ እየቀለደ የወታደሩን ደረት ሰፋ» አለች። እውነቱን ለመናገር፣ አምቡላንስ ይነዳ እንደነበር ብቻ ነው የምታውቀው። እሱ እንደሆነ ድራማው ሲጀምር ሁልጊዜ ተነስቶ ጋራዥ ይገባል።

መኪናው በበረዶው ላይ ቀስ እያለ ተጓዘ።

«ምን ሆነሻል? ፍሬን የምትረግጪው አንቺ ነሽ እንዴ?» አላት አባቷ እግሯን አይቶ።

«አባዬ፣ ለምን እሺ አልክ? ድራማውን እንኳ አትወደውም።»

«የምጠላው ከጀርባው የሚሰማውን የተቀዳ ሳቅ ነው። እኔ አምቡላንስ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።» ወደ ዳርሊን ሰፈር ታጠፈ። «የዳርሊን እናት ደውላ ‹ግዌን ስለርስዎ አውርታ አትጠግብም› አለችኝ። እኔማ የምታፍሪብኝ ይመስለኝ ነበር።»

ግዌን እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን ደርሰው ነበር።

የእነ ዳርሊን ሳሎን በፈንድሻ ሽታና በጫጫታ ተሞልቷል። አንዳንዶቹ ልጆች የወታደር ቆብ አድርገዋል፤ አንዱ ደግሞ ነጭ ጋዋን ለብሶ ደም ለማስመሰል ደረቱ ላይ ካቻፕ አፍስሷል።

«ሚስተር ሃልቨርሰን!» ዳርሊን እየሮጠች መጣች። «ድራማው ሳይጀምር ያቺን ታሪክ ይንገሩን! ሐኪሙ ራሱን ስቶ እርስዎ የሰፉትን!»

አባቷ ወደ ግዌን ዞረ። ግዌን ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። ከዚያ አባቷ ከረባቱን ላላ አደረገና፣ «መቼም… ያን ቀን…» ብሎ ጀመረ። «ድንኳኑ ውስጥ ጨለማ ነበር…»

ሊዋሽላት ነው። ውሸት የማያውቅበት ሰው!

«ተወው አባዬ!» አለች ከሚገባው በላይ ጮኻ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ምንም አልሰፋም። አምቡላንስ ነጂ ነበር።»

«አይ ጉረኛ!» አለ ባለ ጋዋኑ። ጥቂቶች ሳቁ። ዳርሊን አልሳቀችም። ቅር እንዳላት ያስታውቃል።

«እና እውነቱ ምንድን ነው?» አለች ወደ ሮይ ዞራ።

«እውነቱ…» አለ ሮይ። «መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነበር። ፈጠን ስትዪ ቁስለኛው ይጮኻል። ዝግ ስትዪ ደሙ ያልቃል። አንዱ፣ ገና ልጅ ነው፣ ከኋላዬ ተኝቶ ‹ሾፌር፣ እንዳታቆም› ይለኝ ነበር። አላቆምኩም።»

«ዳነ?» አለ ባለ ጋዋኑ። አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«አላውቅም። ሐኪሞቹ ደጃፍ አወረድኩትና ሌላ ለማምጣት ተመለስኩ። ሁሌም እንደዚያ ነበር።»

ወዲያው የድራማው ሙዚቃ ጀመረና ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ተሽቀዳደመ። አባቷ ጎንበስ ብሎ፣ «መኪና ውስጥ እጠብቅሻለሁ። ተረጋግተሽ እዪ» አላት።

ግዌን ከመስኮቱ አጠገብ ቆመች። ሲሄድ አየችው፤ መኪናው ውስጥ ሲገባም አየችው። ሞተሩን አላስነሳም።

«ነይ እንጂ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ!» አለች ዳርሊን። ሶፋው ላይ በእርግጥም ክፍት ቦታ ነበር።

«ነገ ትነግሪኛለሽ» አለቻት ግዌን።

በረዶውን እየረገጠች ሄዳ የመኪናውን በር ከፈተችና አጠገቡ ተቀመጠች። አባቷ ገርሞት አያት።

«ያ ልጅ» አለችው፣ «መንገድ ላይ ሌላስ ምን ብሎህ ነበር?»