ሁለት ጊዜ የተሰበረ እጅ

ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዩት በዱላ መሃል ነው።

ተማሪዎች «ጦርነቱ ይቁም» ብለው ወደ ዋናው አደባባይ በወጡበት በመጀመሪያው ሰልፍ፣ አድማ በታኞች ከሁለት አቅጣጫ ገብተው ሰልፈኛውን እንደ እህል ወቁት። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ጫማ ከእግር ወልቆ ይቀራል፤ ሰው በሰው ላይ ይወድቃል። የሕክምና ተማሪዋ በነጭ ጋዋኗ ላይ የፋሻ ቦርሳ አንግታ ስትሮጥ፣ ፊቱ በቀይ የተነከረ አንድ ወጣት አጥር ተደግፎ ሲያስል አየች። አላመነታችም። ኮሌታውን ጨምድዳ አንድ የባንክ ሕንፃ ደረጃ ሥር ጎትታ አስገባችውና ግንባሩን በጥጥ ትጠርግ ጀመር።

ብትጠርግ ብትጠርግ ቁስሉ አልገኝ አለ።

«የት ጋ ነው የመቱህ?»

«አልመቱኝም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ደም?»

«ቀለም ነው እኮ። ጣሳው ተደፍቶብኝ ነው።»

እጇ ግንባሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ከራሳቸው በላይ ቦት ጫማዎች ደረጃውን እየረገጡ ያልፋሉ፤ አንዲት ሴት «እግሬን፣ እግሬን» ትላለች። ሁለቱ ግን ተያዩና፣ ሞት ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ።

እሱ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነበር። የሰልፉን መፈክሮች በሙሉ በጨርቅ ላይ የሚጽፈው እሱ ስለሆነ ሁሉም «ሠዓሊው» ይለዋል። እሷን ደግሞ የክፍል ጓደኞቿ «ወጌሻዋ» ይሏታል፤ አባቷ የታወቀ ወጌሻ ነውና። ስሙን ያወጡላት ከክፍሉ አንደኛ መውጣቷ ያናደዳቸው ልጆች ለማሾፍ ነበር። እሷ ግን እንደ ሜዳሊያ ተቀበለችው።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላውን በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ማሳለፍ ጀመረች። እሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ይጽፋል፤ እሷ ባዶ ጣሳ ላይ ተቀምጣ የአጥንቶችን ስም ታጠናለች። አንዳንዴ ብሩሹን አንስቶ ዝም ብሎ ያያታል። አየሁህ ብላ ቀና ስትል ጨርቁን የሚያይ ይመስላል።

በቤቷ ጦርነቱ የሚነሳ ወሬ አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ ከግንባር የተመለሰው በተቸነከረ ሣጥን ነው።

«ጦርነቱ ከንቱ ነው ትላላችሁ አሉ፤» አለቻት እናቷ አንድ ቀን፣ ከጋዋኑ ላይ ቀዩን እድፍ እያሸች። «እንግዲያው ልጅሽ ለከንቱ ነው የሞተው በይኛ።»

«እማዬ፣ እንደሱ አላልኩም።»

«ብለሻል። አደባባይ ወጥተሽ፣ ጨርቅ ዘርግተሽ ብለሻል።»

እናትየው ፊቷን አዙራ ማሸቷን ቀጠለች።

በዚያን ወራት ዩኒቨርሲቲ ያለ ወንድ አይዘምትም ነበር። ሰልፍ ላይ የተያዘ ግን ይባረራል፤ የተባረረ ደግሞ መኪና ላይ ተጭኖ ማሠልጠኛ ይገባል። ከማሠልጠኛው ወደ ግንባር ሄዶ በእግሩ የተመለሰ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ሰልፍ በወጣ ቁጥር እሷ ከዱላው ይልቅ የምትፈራው መያዙን ነበር።

«ዛሬ እንኳ ቅር፤» አለችው በትልቁ ሰልፍ ጠዋት።

«ጨርቁን ማን ይይዘዋል?»

«ሌላ ሰው።»

«ያ ሌላ ሰው፣ ዛሬ እንኳ ቅር የሚለው የለውም?»

ተቆጥታ ፊቷን አዞረች። ብሩሹን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነካ አድርጎ በሰማያዊ ምልክት አኖረባትና ሮጠ።

በዚያ ቀን ጥይት ተተኮሰ። የፊተኛው ረድፍ ሲወድቅ የኋለኛው ገና መፈክር ያሰማ ነበር። የአንዱን ጭን በጋዋኗ ቀበቶ አስራ ቀና ስትል፣ አድማ በታኞች ሠዓሊውን በእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ በፊቱ አስተኝተውት አየች። አለቃቸው ከኪሱ የተማሪ መታወቂያውን አውጥቶ በራሱ ኪስ ከተተ።

«በየትኛው እጅህ ነው የምትጽፈው?»

ሠዓሊው ግራ እጁን አነሳ።

አለቃው ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጁን ገለበጠው። ጥፍሮቹ ሥር ሰማያዊ ቀለም ደርቋል። «ጥፍርህ ካንተ ይሻላል፤ አይዋሽም፤» አለ። እጁን ድንጋዩ ላይ ዘረጉት። አንዱ በጉልበቱ ክንዱን ተጫነው፣ ሌላው የጠመንጃውን ሰደፍ ከላይ አወረደ። ደግሞ አነሳና አወረደ።

ከጩኸቱ ሁሉ ውስጥ ያን ድምፅ ለይታ ሰማችው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአባቷ ቤት የምታውቀው ድምፅ ነው።

ከተማሪዎቹ በኩል የድንጋይ ናዳ መጣና አድማ በታኞቹ ወደዚያ ዞሩ። እሷም ለሁለተኛ ጊዜ ኮሌታውን ጨምድዳ ጎተተችው።

ሆስፒታል አይታሰብም፤ ቁስለኛን ከአልጋው የሚለቅሙት ያው አድማ በታኞች ናቸው። ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች። አባቷ በሌላኛው የከተማው ጫፍ ስብራት ሊያይ ሄዶ፣ መንገዱ ስለተዘጋ እዚያው ቀርቷል። በሩን የከፈተችው እናቷ ናት። የተንጠለጠለውን እጅ አየች፤ ፊቱን አየች።

«ጫማህን አውልቅና ግባ፤» አለች በመጨረሻ። የመራችው ወደ ሟቹ ልጇ ክፍል ነበር። ያ በር ከተዘጋ ሰንብቷል።

አባቷ አጥንት ሲያቀና አንድ ልማድ ነበረው። ታማሚውን ስለሚወደው ነገር ያስወራዋል። ሰው የሚወደውን ሲያወራ ጡንቻው ይላላል፤ እሱም ልክ ወሬው ሲጥም ይጎትታል። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ሰው «ወጌሻው ጋ ሄዶ ወሬውን የጨረሰ የለም» ይል ነበር።

«ስለምትወደው ነገር አውራኝ፤» አለችው ወጌሻዋ።

«ሰማያዊ፤» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ሰማያዊ ቀለም ሲበጠበጥ መጀመሪያ ጥቁር ነው የሚመስለው። ከዚያ ትንሽ ነጭ ጠብ ስታደርጊበት—»

ጎተተች። ትራሱን ነከሰ፤ አልጮኸም። የመሃለኛው ጣት አጥንት ቦታው ገባ። ወደ አመልካች ጣቱ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ።

ቃታ የሚስበው ይህ ጣት ነው።

መታወቂያው አለቃው ኪስ ውስጥ ነው። ሲድን ይጭኑታል። ጣቱ ተጣሞ ከገጠመ ግን ጠመንጃ የማይዝ ሰው ለማንም አይጠቅምም፤ ይተዉታል። በአጠገቧ ግድግዳው ላይ የወንድሟ ሹራብ ተሰቅሏል። አጥንቱን አላቀናችውም። ባለበት አጥብቃ በቀርከሃ ስንጥርና በፋሻ አሰረችው፤ ግንባሩን ሳመችው፤ «አለቀ» አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሳመችውም የዋሸችውም ያኔ ነው።

መንገዱ ተከፍቶ አባቷ ሲመለስ፣ ፋሻውን ሳይፈታ በአውራ ጣቱ ብቻ ዳሰሰው። ከዚያ ወደ ጓሮ ጠራት።

«ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ።»

«አይደለሽም። ያንቺን እጅ አውቀዋለሁ። ይሄ የፈራ ሰው እጅ ነው።»

አንገቷን ደፋች። «አባዬ፣ ሲድን ይወስዱታል።»

«እኔ ምን ልበልሽ፤ አንድ ልጅ ሰጥቼ የተቸነከረ ሣጥን የተመለሰልኝ ሰው ነኝ።» ድምፁ ተሰበረ። «ግን እጁ የሱ ነው። ገና አልደረቀም፤ ዛሬ ነገ ግን ይደርቃል። ሂጂና ንገሪው።»

ነገረችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንዲት ቃል ሳትሸሽግ ነገረችው።

«እነሱ እንኳ፤» አለ ቀስ ብሎ፣ «የትኛው እጅህ ነው ብለው ጠይቀውኛል።»

ከዱላ ሁሉ ይህ አመማት።

«ከምትሞትብኝ ብትጣመም ይሻላል ብዬ ነው።»

«ማን ሞተ? እኔ በጣቴ ሰበብ ስቀር በእኔ ቦታ ሌላ ይጫናል። አደባባይ የወጣነው ለእኔ ጣት ነው እንዴ? አልዘምትም ስል እየቻልኩ አልዘምትም ማለት ነው የምፈልገው። ደግሞም…» እንባዋን አየና ድምፁ ለዘበ፤ «ደግሞም አንቺን ልስልሽ እፈልጋለሁ። በግራ እጄ ብስልሽ አባትሽን ነው የምትመስዪው።»

አልሳቀችም። «አባዬ ያስተካክልልህ።»

ከበሩ ላይ አባቷ ራሱን ነቀነቀ። «ያጣመመ ያቃናል፤» አለ። «እኔ ክንዱን እይዛለሁ።»

«ስበሪው፤» አላት ሠዓሊው።

ፋሻውን ፈታች። እጁ አብጦ ጠቁሯል። እናቷ በራስጌው በኩል መጥታ ሳትጠራ ትከሻውን ያዘች። ወጌሻዋ ሁለቱን አውራ ጣቶቿን የጠመመው አጥንት ላይ አሳረፈች።

«አውራኝ።»

«ያን ቀን…» አለ ዓይኖቿን እያየ፣ «ከባንኩ ደረጃ ሥር፣ ግንባሬን ስትፈትጊ፣ ቀለም ነው ስልሽ ደንግጠሽ ዝም አልሽ። ያኔ ለራሴ ምን አልኩ መሰለሽ—»

ሰበረችው።

በዚህ ጊዜ ጮኸ። ጩኸቱ ከግድግዳው ተጋጭቶ እሷው ላይ ተመለሰ። እሷም ጎትታ ገጠመችው። አባቷ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «አሁን ያንቺ እጅ ነው» አለ። እናቷ የልጁን ላብ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «አይዞህ የኔ ልጅ» ስትል ራሷን ሰማችና ደነገጠች።

አጥንቱ ድኖ ፋሻው በተፈታ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ወታደሮች ቤት ለቤት እየፈተሹ መጡ። በሩ ላይ የቆመችው እናትየው ናት።

«እዚህ ያለው የሞተው ልጄ አልጋ ብቻ ነው። ለእናንተ ነው የሞተው። ዞር በሉ።»

ሰደፉ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ወደቀች። ሠዓሊው ከጓዳ ወጣ። «እሳቸውን ተዉአቸው። እኔ ነኝ።» ፊቱን በጥፊ፣ ጎኑን በእርግጫ እያሉ ጎተቱት። ወጌሻዋ ልትከተል ስትል እናቷ ከወለሉ ላይ ቀሚሷን ያዘቻት።

«ሹራቡን አልያዘም፤» አለች፣ በደህናው እጇ ወደ ግድግዳው እያመለከተች። «ወስደሽ ስጪው። የኔን ትከሻ አባትሽ ያየዋል።»

ሹራቡን ይዛ ማሠልጠኛው አጥር ድረስ ሮጠች። የተጫኑት ወጣቶች ሜዳው ላይ ተሰልፈው አንድ በአንድ ጠመንጃ ይታደላቸዋል። ተራው ደረሰ። ቀኝ እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። መኮንኑ ጠመንጃውን ሊያቀብለው ሲል፣ ሠዓሊው ጣቶቹን በሙሉ ጨበጠ፤ ፈታ፤ ደግሞ ጨበጠና ፈታ። ጤነኛ መሆኑን ሁሉም አየ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ።

«እችላለሁ፤» አለ ሜዳው እስኪሰማ። «ግን አልይዝም።»

ወረዱበት። ሰደፍ፣ ቦት ጫማ፣ ቀበቶ። አጥሩን ይዛ አየች፤ ዓይኗን አልጨፈነችም። ሲወድቅ በሆዱ ተኝቶ እጁን ከሥሩ ደበቀው። ከፊቱ የነበረው የማታውቀው ወጣት ቀድሞ የተሰጠውን ጠመንጃ መሬት አስቀመጠ። ቀጥሎ ወደ እሱ ሄዱ።

የተፈረደበት እስር ረጅም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንድታየው ሲፈቀድላት በመካከላቸው ድርብ ሽቦ ነበር፤ ቀዳዳው ከጣት በቀር አያሳልፍም። ጠባቂዎቹ ዘንድ ትታለት የሄደችው የወንድሟ ሹራብ ደርሶት ለብሶታል፤ እጅጌው ያጥረዋል። ከንፈሩ ላይ አዲስ ጠባሳ አለ።

አመልካች ጣቱን በሽቦው አሾለከላት። እንደ አባቷ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አጥንቱ ሁለቴ የተሰበረበት ቦታ ላይ ትንሽ ጉብታ አለች።

«እጠፈው።»

አጠፈው።

«ዘርጋው።»

ዘረጋው።

«ደህና ነው፤» አለች። «ያኔ… ወሬህን አልጨረስክም።»

«ወጌሻ ጋ ሄዶ ወሬውን የጨረሰ አለ?»

«ጨርስልኝ።»

ጠጋ አለ። «ይቺ ልጅ ደምና ቀለም ሳትለይ ሐኪም ልትሆን ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ አጠገቧ ሆኖ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል፤ አልኩ።»

እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

«አሁንም አልለይም፤» አለችው።

«እንግዲያውስ መውጣቴ ግድ ነው።»

ጠባቂው ሰዓት አለቀ ብሎ ሽቦውን በቆመጥ ደበደበ፤ ወደ እነሱም እየደበደበ መጣ። እሱ ጣቱን አላወጣም፤ እሷም አልለቀቀችም።