የማይከፈተው የባንክ ገጽ

ጋሼ አባስ በዚያ ዝናብ ወዴት ሊሄዱ ነበር? መቱ መናኸሪያ ጀርባ ባለው የቡና መጋዘናቸው ውስጥ፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታቸው የሚዛን ድንጋይ አጠገባቸው ወድቋል። ኢንስፔክተር ጊፍቲ ጎንበስ ብላ ጃንጥላውን ዳሰሰች። ደረቅ ነው። ሊወጡ ሲሉ ነው የተመቱት።

የእህታቸው ልጅ ኢማድ ታስሯል። አመሻሽ ላይ ከጎረቤቷ ከተማ ከሁሩሙ ተመልሶ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። የሟች ልጅ ዘህራም ከውጭ አገር ደውላ፣ ከእሱ ሌላ ማንም አይደለም ብላለች። ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል። እናቱ እትዬ ሁስና ከጣቢያው ደጅ አልነሳም ብለዋል።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ» አሏት ጊፍቲን፣ «ወንድሜን ቀበርኩ። ልጄንም ልቅበር?»

ጊፍቲ ሩቅ አገር የተማረችው ምርመራ እንዲህ ላለው ጥያቄ አያዘጋጅም።

ሙከሚል የሟች ሸሪክ ነው። ቡናውን የሚሰበስበው ያዮ ሆኖ ስለሆነ፣ መቱ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ነበር።

«ስለያቸው ደህና ነበሩ» አለ። «ለገበሬዎቹ ብር ሊልኩ የባንኩን ገጽ ከፍተው ተቀምጠዋል። ኔትወርክ ተቋርጦባቸው ሲማረሩ ትቻቸው ወጣሁ።»

«ገጹን በዓይንህ አየኸው?»

«አጠገባቸው ቆሜ!»

ጊፍቲ የሟችን ኮምፒውተር ከፈተች። አሮጌ ነው። ዘህራ ለእረፍት መጥታ ሳለ፣ ለደከመ ኮምፒውተር የሚቀል፣ ብዙ ሰው የማያውቀው የኢንተርኔት መክፈቻ ብሮውዘር ጭናበታለች፤ ሌላ የለበትም። የባንኩን አድራሻ ስትጽፍ አንድ መስመር ብቻ ወጣ፦ በዚህ ብሮውዘር መጠቀም አይቻልም። ደጋግማ ሞከረች። ያው ነው።

ከመንገዱ ማዶ ጀናት የፎቶኮፒ ቤት አላት።

«ባንኩ የእሳቸውን ኮምፒውተር እንደ ለማኝ ከደጅ ነው የሚመልሰው» አለች፤ ፈገግ ብላ ወዲያው ዓይኗን ጠረገች። የጋሼ አባስ ስልክ ኢንተርኔት የሌለው ባለ ቁልፍ ስለሆነ፣ ብር የሚልኩት ሁልጊዜ እሷ ቤት መጥተው ነበር። ያን ቀንም መጣሁ ብለው ደውለው፣ እስክትዘጋ ብትጠብቅ ቀሩባት።

ጊፍቲ ሁሉንም ጣቢያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኢማድንም አስመጣችው።

«ጃንጥላውን ያነሱት ወደ ጀናት ሊሻገሩ ነው» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «አልደረሱም። እሷ ስትዘጋ ኢማድ ገና ሁሩሙ ነበር፤ የሚኒባሱ ሹፌር መስክሯል። አብረሃቸው የነበርከው አንተ ነህ፣ ሙከሚል። ተቀምጠው ቀሩ ያልከን፣ ካንተ በኋላ የገባ ሰው ገደላቸው እንድንል ነው። ያ ኮምፒውተር ግን የባንኩን ገጽ ከፍቶ አያውቅም።»



«በኮምፒውተር ላክሁት ይሉኝ ነበር» አለ ሙከሚል። «የማን ኮምፒውተር እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።»

ቀሪውን ቀስ በቀስ አወጣው። የሌላ አካባቢ ቡና እየቀላቀለ የያዮ የጫካ ቡና ነው ብሎ ይሸጥ ኖሯል። ጋሼ አባስ ደርሰውበት፣ ለገዢዎቹ እናገራለሁ ብለው ጀርባቸውን ሰጡት።

ኢማድ ሲፈታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ዘህራ ሰምታለች ወይ?

ጊፍቲ እዚያው ቆማ ጻፈችላት። «ዘህራ፣ ኢማድ አልገደለም። የመሰከረለት አንቺ የጫንሽው ብሮውዘር ነው። እባክሽ ደውዪለት።»

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው ወጣ። መልስ ግን ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም።