የሄለን ላፕቶፕ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ መንፈስ አየሁ የሚለኝን ሁሉ «ሂድና ተኛ፣ እንቅልፍ አጥተህ ነው» ነበር የምለው፣ አየር ጤና ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ዕቃ ይበላሻል፣ ይሠራል፣ ሌላ ነገር የለም ብዬ ነበር የምኖረው። አሁን የምነግራችሁ ግን በራሴ የደረሰ ነው፣ ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም።

እትዬ ፈለቀች ከሱቄ አለፍ ብሎ የልጆች ልብስ የሚሸጡ ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ልጃቸው ሄለን የካቲት ላይ ታማ አረፈች። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን በዚያ ዝናብ ላፕቶፕዋን በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ፣ ሲከፈት ሰማያዊ ይሆንና እዚያው ይቀራል፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል።

«ፎቶዋ ሞልቶኛል ልጄ፣ ድምፅዋ ግን የለኝም» አሉኝ። «ለእኔ የቀዳችው መልእክት እዚህ ውስጥ አለ። እስከዛሬ ለመስማት አልደፈርኩም፣ አሁን ስደፍር ደግሞ እሱ እምቢ አለ። ነገሯን ሁሉ የምታስቀምጠው ከፊት ለፊት ነው፣ እንደተከፈተ የሚታየው ላይ።»

«አይዞዎት እትዬ፣ አንዲት ፋይል አትጠፋም፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይምጡ» አልኳቸው፣ ልቤ ግን ስልኬ ላይ ነበር።

የእኛ ሰፈር ጠጋኞች አሠራር እንዲህ ነው፣ የኮምፒውተሩን ማከማቻ ለሁለት እንከፍለዋለን፣ ሲ በምንለው ላይ ዊንዶውሱን፣ ዲ በምንለው ላይ የባለቤቱን ፋይል፣ ሲበላሽ ሲን ብቻ አጥፍተን አዲስ እንጭናለን። ፋይሉ ዲ ላይ ነው ተብሎ ይታለፋል፣ ከፍቶ የሚያይ የለም። እኔም ሳላይ ሲን አጠፋሁት። ምንም ሳይነካ የሚጠገንበት መንገድ እያለ እኮ ነው፣ ትንሽ ስለሚያዘገይ ሰነፍኩ። አዲሱን ጭኜ ስጨርስ ዲን ከፈትኩ፣ ባዶ። «ከፊት ለፊት» ያሉኝ ያኔ ትዝ አለኝ፣ ዴስክቶፑን ማለታቸው ነበር፣ ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው ሲ ላይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ምንም የለም። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ አብጦ ስለነበር ገና ጠዋት አውጥቼዋለሁ፣ ስለዚህ እሱም አብሮ ጠፋ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ሱቁ ጨለም አለ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፣ ውጭ የታክሲ ረዳት «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች» ይላል፣ አስር ሰዓት ገደማ እኔ ራሴን በእጄ ይዤ «ምን ብዬ ልንገራቸው» አልኩ፣ ለብቻዬ። ያኔ ከጠረጴዛው ላይ ጠቅ... ጠቅ ጠቅ... የሚል ነገር ሰማሁ፣ ሰው ቀስ እያለ ሲጽፍ የሚሰማው ዓይነት። ጣሪያው አፈሰሰ ብዬ በስልኬ አበራሁ፣ እመኑኝ፣ ጠረጴዛው ደረቅ ነው። እጄን ኪቦርዱ ላይ ሳሳርፍ ቆመ። ቁልፎቹ ሞቅ ብለዋል።

መብራት አስር ከሩብ ላይ መጣ። ላፕቶፑን አስነሥቼ ዲን ስከፍት «እማዬ» የሚል አንድ የድምፅ ፋይል ተቀምጧል። የተቀዳበትን ሰዓት አየሁ፣ የዚያኑ ዕለት፣ ልክ አስር ሰዓት። ብቻዬን ልከፍተው አልደፈርኩም።

እትዬ ፈለቀች መጡ፣ ተቀመጡ፣ ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ ዝናብ ነው የሚሰማው፣ ቆርቆሮ ላይ፣ ከሩቅ «ጦር ኃይሎች» የሚል አለ። ከዚያ የልጅቷ ድምፅ መጣ፣ «እማዬ፣ አትቆጪው። ሳያይ ነው።» ከእሷ ኋላ ደግሞ የወንድ ድምፅ፣ «ምን ብዬ ልንገራቸው።»

እትዬ ፈለቀች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። «እሷው ናት፣ የልጄ ድምፅ ነው» አሉ። ቆይተው «ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ እንጃ እትዬ» አልኳቸው።

እስከዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ይላሉ። «ማንን ነው አትቆጪው የምትለኝ ልጄ? እኔ ማንን ተቆጣሁ?» ይሉኛል፣ እኔም አላውቅም እላለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ሱቁ ውስጥ አልቀመጥም፣ ዝናብም ቢሆን ወጥቼ ደጅ እቆማለሁ፣ እኔ ያልነገርኳቸውን እሷ ልትነግራቸው የምትጽፍ ይመስለኛል።