ኔትወርክ የጠፋበት አርብ

«ሁርዬ፣ ያቺን ልጅ እስቲ ጠይቂልኝ» አሉ እማማ የሺ፣ ገና የሱቁን ደፍ ሳይሻገሩ።

ሁሪያ ቀና አላለችም። እስክሪብቶዋ ዛሬ ገና መሮጥ ጀምሯል፤ ካቆመች ተመልሶ የሚሮጥላት አልመሰላትም።

እማማ የሺ «ያቺ ልጅ» የሚሏት፣ ስልኩ ውስጥ ሆና «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ነው። ልጃቸው ባዩ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ከወረደ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። እሳቸው አርብ አርብ ባቄላቸውን ሸጠው ሲያበቁ ወደ ሱቁ ብቅ ይላሉ። ሁሪያ ደውላ ድምፁን ከፍ ታደርግላቸዋለች። «ዛሬም ከዚህ በላይ አታውቅም?» ይላሉ። ከዚያ የባዩ የልጅነት ወሬ ይቀጥላል፤ የሞተችው ላም፣ የዘገየው ዝናብ... ከሰዓቱ በዚያው ያልቃል። አንድ ቀን ሁሪያ ለባዩ ቁጥር መልእክት ልካለች፤ «እናትህ አርብ አርብ እዚህ ናቸው፣ በዚህ ስልክ ደውል» ብላ። መልስ ግን የለም።

ለውድድር የምትጽፈው ልቦለድ ሰኞ ጠዋት መምህር ጌታነህ እጅ መግባት አለበት። ከተመረጠ ደብረ ታቦር ሄዳ ታነበዋለች። አምና ሳትጨርስ ቀርታ አልቅሳለች። «ጊዜሽን የሚበላውን ለይተሽ ተዪው» ብለዋት ነበር መምህሩ። ተወች። ቲክቶክን ከስልኳ አጠፋች። ጓደኛዋን ሰውዳን «እስከ ሰኞ እንዳትመጪ» አለቻት።

«ደራሲ ሆንሻ! መነጽር ብቻ ነው የቀረሽ» ብላ አሾፈችባት ሰውዳ።

አባቷ ሷሊህ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል፤ ገበያተኛውም ሳስቷል። ያልተተዉት እማማ የሺ ብቻ ናቸው።

«ዛሬ ኔትወርክ የለም፣ እማማ» አለች።

ውሸቱ አፏ ውስጥ ምንም አልከበዳት። አርብ ገበያ ላይ ይህን የሚጠራጠር ሰው የለም።

«ውይ! ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት።»

«በይ እስኪመጣ ልቀመጥ። አንቺ ጻፊ፤ እኔ ትንፍሽ አልልም» አሉና ደጃፉ ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀመጡ።

እውነትም ትንፍሽ አላሉም። ያ ነበር የባሰው። ሁሪያ ሰውዳ ድንገት ብትደውልስ ብላ ፈራችና ስልኩን ከባንኮኒው ስር ደብቃ ጥሪ እንዳይገባ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደረገችው። ወዲያው አንድ ጎረምሳ በስልክ እያወራ በደጅ አለፈ።

«የሱ ይሠራል እንዴ?» አሉ እማማ የሺ ዞር ብለው።

ሁሪያ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረች። «ዘፈን እያዳመጠ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

ጻፈች፤ ሰረዘች። ደግማ ጻፈች። የልቦለዱ ደፋር ልጅ አንድ ቃል አልናገር አለቻት።

ጥላው ሲረዝም እማማ የሺ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «ሳይመሽ ልውረድ። ስላስቸገርኩሽ እንዳትቀየሚኝ፣ ልጄ።» ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ጥቂት የተቆላ ባቄላ ባንኮኒው ላይ አኖሩላትና ሄዱ።

ሁሪያ ስልኩን ከኤርፕሌን ሞድ አወጣችው። ወዲያው መልእክት ተከታትሎ ገባ። አንድ የማታውቀው ቁጥር ደጋግሞ ደውሎ ነበር። ደወለች።

«አቤት?» አለ የጎልማሳ ድምፅ።

«ከዚህ ስልክ ተደውሎልኝ ነበር።»

«አዎ፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ነው። ስልኩ ጠፍቶበታል፤ ከመጥፋቱ በፊት በመልእክት የደረሰውን ቁጥር ጽፎ ይዞ፣ እናቴ ጋ ልደውል ብሎ የኔን ለመነኝ። ቢሞክር ቢሞክር እምቢ አለው።»

«አሁን አጠገብዎ አለ?»

«ኧረ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ።»

«የት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ። ሥራ ወዳለበት ነዋ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሁሪያ ወረቀቱን አየችው፤ ስልኩን አየችው። መልሳ ብትደውል ባዩ አይገኝም። ብትጽፍም አይገኝም። ወረቀቱን እንደተዘረጋ ትታ በሩን ቆለፈች።

«አንቺ! ባትሪ ልገዛ ነበር እኮ!» አላት አንድ ገበያተኛ።

«ዝግ ነው!»

ሮጠች። «ባዩ ደውሏል» ብቻ ብትላቸውስ? ይደሰታሉ፤ የሚረግሙትም ኔትወርኩን እንጂ እሷን አይደለም። እስከ ከተማው ጫፍ ድረስ ይህን እያሰበች ሮጠች። ቁልቁለቱ ላይ ነጠላቸው ታያት።

«እማማ!»

ዞር አሉ። ፊታቸው በርቶ ነበር። «መጣ እንዴ፣ ልጄ? ኔትወርኩ መጣ?»

ሁሪያ ደረሰችባቸው።

«ከጠዋትም ነበረ፣ እማማ» አለች።